የመቶ ሜትር ዝላይ በፕላኒትሳ (1934–1941)

የስኪ ዝላይ ከኖርዌይ የመጣ የበረዶ ጨዋታ ነው። ዘላዩ ሁለት ረዣዥም ጣውላዎች ከእግሩ ጋር አሥሮ በረዶ በለበሰ መንደርደሪያ ላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከጫፉ ሲደርስም ራሱን ወደ ፊት ወርውሮ በአየር ይሄድና ከታች ባለው ቁልቁለት ላይ ያርፋል። ከ1930 በኋላ ርቀቱ እየረዘመ ስለ ሄደ ጨዋታው ከዝላይ ይልቅ በረራን መሰለ፤ ስሙም «የስኪ በረራ» ተባለ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፣ የመቶ ሜትር ወሰን እንዴት እንደ ታለፈና ክብሩ ለማን እንደሚገባ ነው። ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ፕላኒትሳ በአልፕስ ተራሮች ሥር የሚገኝ ሸለቆ ሲሆን በዚያን ጊዜ በዩጎዝላቪያ መንግሥት ውስጥ ነበረ፤ ከ1991 ወዲህ ግን የነጻይቱ ስሎቬኒያ ነው። ትልቁን መዝለያ የሠሩት ኢቫን ሮዥማንና ስታንኮ ብሉዴክ የተባሉ መሐንዲሶች ናቸው፤ ዛሬ የሚጠራው ግን በብሉዴክ ስም ብቻ ነው። ብሉዴክ አስቀድሞ የአውሮፕላን ንድፍ አውጪ ስለ ነበረ የአየርን ጠባይ ያውቅ ነበር። ማርች 25 ቀን 1934 የኖርዌዩ ቢርገር ሩድ በዚህ ስፍራ 92 ሜትር ዘልሎ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁሉ በለጠ።

ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ግን ከ80 ሜትር በላይ የሚያስኬድ መዝለያ አልወደደም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ለዘላዮቹ ሕይወት መፍራት ነው፤ ሁለተኛው ዳኝነቱ ከሰው ችሎታ ወደ ተራራ ትልቅነት እንዳይዞር ነው። የትልልቅ መዝለያ ደጋፊዎች በበኩላቸው፣ አደጋው ከርቀቱ ሳይሆን ከማረፊያው ቅርጽ ነው ይላሉ። በእርግጥም ቁልቁለቱ ከዘላዩ አወራረድ ጋር የተስማማ እንደ ሆነ እግሩ መሬትን በቀስታ ይነካል፤ ቁልቁለቱን አልፎ ከሜዳው ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ግን ይሰበራል። እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው።

ማርች 15 ቀን 1936 የ18 ዓመቱ ኦስትሪያዊ ዮሴፍ ብራድል ከመቶ ሜትር በላይ ዘለለ። ርቀቱ በዚያን ጊዜ በቁልቁለቱ ዳር በቆሙ ለኪዎች ዓይን ይታወቅ ስለ ነበረ አንዱ መዝገብ 101፣ ሌላው 101 ሜትር ተኩል ይላል። በግማሽ ሜትር ይለያዩ እንጂ መቶው መታለፉን ሁለቱም ይመሰክራሉ። ፌዴሬሽኑም ውሎ አድሮ የስኪ በረራን ለብቻው እንደ ቆመ ውድድር ተቀበለ፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1972 የተደረገው እዚያው ፕላኒትሳ ነው።

የብራድል ታሪክ ግን በበረዶ ላይ ብቻ አላበቃም። ማርች 12 ቀን 1938 የጀርመን ጦር ኦስትሪያ ገባ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ብራድል በፕላኒትሳ 107 ሜትር ዘለለ። በ1939 በፖላንድ ከተማ በዛኮፓኔ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የተሰለፈው ለጀርመን ነበር፤ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ጀርመን ፖላንድን ወረረች። በማርች 1941 ጀርመናዊው ሩዲ ጌሪንግ በፕላኒትሳ 118 ሜትር ደረሰ፤ በአፕሪል 6 ዩጎዝላቪያ ራሷ ተወረረች። አንድ ወጣት ያገኘውን ክብር መንግሥት እንዴት ለራሱ እንደሚያደርገው ከዚህ እናያለን።

በ2025 ስሎቬኒያዊው ዶመን ፕሬቭትስ በዚያው ሸለቆ በ1969 በተሠራው መዝለያ 254 ሜትር ተኩል በርሯል። የ1936ቱ ርቀት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሊሆን አይገባውም የተባለውን አድርጎ በማሳየቱ ከሁሉ ይበልጣል። በመዝገብ የተጻፈው የዘላዩ ስም ብቻ ነው። እኛ ግን ቁልቁለቱን ለክተው የቀረጹት መሐንዲሶችና በረዶውን የደለደሉት ሠራተኞች የክብሩ ተካፋዮች ናቸው እንላለን፤ ያለ እነርሱ ድፍረት ብቻውን ሞት ነበርና።