ቤተ መንግሥት የገባ ሰው ማንን ይወቅሳል?

ሰሞኑን አንዳችሁ በውስጥ መስመር ጥያቄ ልካችሁልኝ ነበር፦ «ቲቸር፣ ፖፑሊስት ፖለቲከኛ ሥልጣን ሲይዝ አነጋገሩ ይለዝባል ወይስ ይብስበታል?» እስቲ በሁለት ሰዎች ታሪክ እንየው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ፖፑሊስት አገሩን ለሁለት ይከፍላል፤ እዚህ ንጹሑ ሕዝብ፣ እዚያ ሌባው ባለሥልጣን። ተቃዋሚ እያሉ ይሄ ቀላል ነው። ጣጣው ምርጫ ያሸነፉ ዕለት ይመጣል። ባለሥልጣኑ አሁን ራሱ ነዋ!

አንደኛው የግሪኩ አሌክሲስ ሲፕራስ ነው። በጥር 2015 አበዳሪዎች የጫኑብንን ቁጠባ አስቀራለሁ ብሎ አሸነፈ። በጠራው የሐምሌ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ 61 በመቶው የአበዳሪዎቹን ሐሳብ «አይሆንም» አለ። ግን ባንክ ተዘግቷል፤ ሰው ከኤቲኤም በቀን የሚያወጣው 60 ዩሮ ብቻ ነው። ከስምንት ቀን በኋላ ተስማማ። ከዚያም በቴሌቪዥን ቀርቦ የማያምንበትን ስምምነት እንደፈረመ ለሕዝቡ ነገረ። በመስከረም ደግሞ መልሰው መረጡት!

ሁለተኛው የቬንዝዌላው ሁጎ ቻቬዝ ነው። በ1998 ሲመረጥ ጠላቶቹ አገሪቱን ለ40 ዓመት ያህል ሲፈራረቁባት የኖሩት ሁለት ፓርቲዎች ነበሩ። እነሱ ተንኮታኮቱ፤ እሱ ግን ዝም አላለም። በቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ላይ ለሰዓታት እያወራ ሀብታሞቹን፣ የግል ሚዲያ ባለቤቶችን፣ በኋላም ዋሽንግተንን ይወርፍ ነበር። በ2006 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ጆርጅ ቡሽን ዲያብሎስ እስከማለት ደረሰ። እርግጥ ጠላት አልነበረውም አይባልም፤ በ2002 መፈንቅለ መንግሥት ተሞክሮበታል። ቢሆንም ጠላቱ አድራሻ እየቀየረ አብሮት 14 ዓመት ኖረ።

ለእኔ ልዩነቱ ጠባያቸው ላይ አይደለም። የሲፕራስ ካዝና ቁልፍ በአበዳሪዎቹ እጅ ነበር፤ ቻቬዝ ግን ነዳጅ ነበረው፤ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ እየጨመረ ነበር። ሥልጣን ብቻውን አንደበት አያለዝብም። የሚያለዝበው «አይሆንም» ማለት የሚችል ሌላ አካል ሲኖር ነው።

ስለዚህ ልጆች፣ አንድ መሪ ዓመታት ገዝቶም «እነሱ ናቸው የበደሉን» ካለ፣ ሁለት ነገር ጠይቁ። «እነሱ» የሚላቸው ዛሬ እነማን ናቸው? አምና ስማቸው ማን ነበር?