በጠራዥ ቢላ የተቆረጡ ኪታቦች



የዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን መነሻ አንድ ያረጀ ኪታብ ነው። በአንድ አረጋዊ ሸይኽ ቤት ለቂርኣት ተቀምጠን ሳለ ሸይኻችን ከገጹ ኅዳግ ላይ ያለውን ሐሺያ ማንበብ ጀመሩና ቆም አሉ። ደግመው ጀመሩ፤ ደግመው ቆሙ። በመጨረሻም ኪታቡን ወደኛ አዙረው አሳዩን። በኅዳጉ ላይ ያሉት መስመሮች በሙሉ የመጀመሪያ ፊደላቸው የለም። አይጥ አልበላውም፤ ምስጥም አልነካው። ቀጥ ብሎ በቢላ የተቆረጠ ነው።

ኪታቡ «ተብዪኑል ሐቃኢቅ» ነበር። የጻፉት ፈኽሩዲን ዑስማን ኢብን ዐሊ አዝ-ዘይለዒ ሲሆኑ፣ ስማቸው እንደሚነግረን መጠሪያቸው ከባሕር ጠረፋችን ከዘይላ የመጣ ነው። በ705 ዓመተ ሒጅራ ካይሮ ገቡ፤ እዚያው ሲያስተምሩና ፈትዋ ሲሰጡ ኖረው በ743 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ1342/43) ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ይህ ኪታባቸው የነሰፊን «ከንዙ ደቃኢቅ» የሚያብራራ ሲሆን በሐነፊ መዝሀብ ከታወቁት ሸርሖች አንዱ ነው። ከ1313 እስከ 1315 ዓመተ ሒጅራ ባለው ጊዜ በካይሮ ቡላቅ ማተሚያ ቤት በስድስት ጥራዝ ታተመ። በገጹ መካከል፣ በሰረዝ በታጠረው ሳጥን ውስጥ፣ የዘይለዒ ሸርሕ አለ፤ ከሳጥኑ ውጭ፣ በኅዳጉ ላይ፣ የሺልቢ ሐሺያ ይገኛል። እንግዲህ ጠፋ ያልነው ይህ የኅዳጉ ጽሑፍ ነው።

ለመሆኑ የግብጽ አታሚዎች ምን ነክቷቸው ነው ሙሉ ኪታብ በኅዳግ ላይ ያተሙት? በዚያን ዘመን ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። ቡላቅ በሙሐመድ ዐሊ ፓሻ ዘመን በ1820 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ማተሚያ ቤት ነው። የእጅ ጽሑፍ ኪታቦችን መልክ ተከትሎ ያትም ነበር፤ ዑለማዎችም በእጅ ጽሑፉ ዘመን ማብራሪያቸውን በገጹ ዳር ይጽፉ ነበር። በዚያ ላይ ወረቀት ውድ ነው፤ አንባቢም በአንድ ዋጋ ሁለት ኪታብ ያገኛል። የጦበሪ ተፍሲር በ1323 ዓመተ ሒጅራ ቡላቅ መታተም ሲጀምር የነይሳቡሪ ተፍሲር በኅዳጉ ላይ ነበር። የኢማም አሕመድ ሙስነድም በ1313 በመይመኒያ ማተሚያ ቤት ሲታተም በኅዳጉ የ«ከንዙል ዑማል» ምርጥ ሐዲሶችን ይዞ ነበር። ቁጠባው ግን ዋጋ አስከፍሏል፤ ከኅዳጉ ጽሑፍ ቀጥሎ ለቢላ የሚተርፈው ባዶ ወረቀት ጥቂት ብቻ ነበርና።

አሁን ወደ ጠራዡ እንምጣ። ትልቁ የታተመ ወረቀት ይታጠፋል፤ የታጠፉት ቅጠሎች አንዱ በሌላው ውስጥ እየገቡ ጥራዝ ይሆናሉ፤ በክር ይሰፋሉ፤ ከዚያ ሦስቱ ጠርዞች ይስተካከላሉ። በማተሚያ ቤት ሰዎች አነጋገር «ትሪም» የሚባለው ይህ ነው። አጣጣፊው ወረቀቱን ትንሽ ካዛነፈው ጽሑፉም ዘንበል ይላል፤ ቢላው ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሌላም ሰበብ አለ፦ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ስምንት ቅጠል ካለ፣ መካከል ላይ ያሉት ቅጠሎች በወረቀቱ ውፍረት ተገፍተው ወደ ውጭ ይወጣሉ። ቢላው ሁሉንም እኩል ሲያደርግ ከመካከለኞቹ አብልጦ ይወስዳል። በሸይኻችን ኪታብ ላይም ጉዳቱ ጥቂት ገጽ ጠንክሮ፣ ቀጥሎ ቀለል ብሎ፣ ኋላ ደግሞ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የእስልምናው ዓለም የአጠራረዝ ልማድ ደግሞ የራሱን ችግር ጨመረ። በአውሮፓ የመጽሐፉ ሽፋን ከቅጠሎቹ ወጣ ብሎ ይቀራል፤ በእኛ ዘንድ ግን ሽፋኑ ከቅጠሎቹ ጋር እኩል ነው፤ ከፊት ያለውን ጠርዝም ምላስ መሰል ክዳን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ኪታቡ በአዲስ ሽፋን በተጠረዘ ቁጥር ጠርዙ እንደገና ይስተካከላል። የእኛዋ ሐረር በዚህ ሙያ ስሟ የታወቀ ነበር፤ በ1855 እ.ኤ.አ. የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የጠራዦቿን ሥራ በጥንካሬም በመልክም አድንቆ ጽፏል። ነገር ግን የሠለጠነ እጅም ቢሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ከቆረጠ ኅዳጉን ያሳጥረዋል። በእጅ ጽሑፍ ኪታቦች ከገጹ ግርጌ የሚቀጥለውን ገጽ የመጀመሪያ ቃል የሚያመለክት ጽሑፍ አለ፤ እሱ ከተቆረጠ ቅጠል ቢዘዋወር እንኳ ቶሎ የሚያውቅ የለም። ሙስሐፍ ላይም የጁዝእ፣ የሒዝብና የሱጁድ ምልክቶች ያሉት በኅዳጉ ነው።

አንዳንድ አድማጭ «አንድ ሁለት ፊደል ቢጎድል ምን ይመጣል?» ይል ይሆናል። የዐረብኛ ኪታብ ሲከፈት በቀኝ ያለው ገጽ የሚቆረጠው ከመስመሩ መጀመሪያ ነው፤ በግራ ያለው ደግሞ ከመስመሩ መጨረሻ። «ላ የጁዝ» ማለት አይፈቀድም ማለት ነው። በግራው ገጽ ኅዳግ ላይ «ላ» በመስመሩ መጨረሻ፣ «የጁዝ» በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ቢወድቁና ቢላው «ላ»ን ቢወስዳት፣ የቀረው «ይፈቀዳል» ሆኖ ይነበባል። ሁለት ፊደል ሐራሙን ሐላል አደረገው ማለት ነው! ችግሩ በአንድ ቅጂ ላይም ላይወሰን ይችላል። በኋላ ዘመን በቤይሩትና በካይሮ ያሉ አሳታሚዎች የቡላቅን ሕትመቶች ፎቶ እያነሱ ደግመው አትመዋል፤ ፎቶ የተነሳው ቅጂ ጠርዙ የተቆረጠ ከሆነ ስህተቱ በሺህ ይባዛል።

ጠራዡን ግን አንርገመው። የሸይኻችን ኪታብ ጠርዙ በጭስ ጠቁሮ፣ በእጅ ብዛት ተቦጫጭቆ ነበር አሉ፤ ጠራዡም ሊያሳምረው ብሎ ነው። ዐረብኛ የማያነብ ጠራዥ የኅዳጉን ጽሑፍ እንደ ጌጥ ቢያየው ምን ይገርማል? እኛን የከነከነን ቁራጩ ነው። ፊደል ያለበት ያ ቀጭን ወረቀት ምናልባትም የአላህን ስም ይዞ ወለል ላይ ወድቋል፤ ማን እንደጠረገው አይታወቅም።

ሸይኻችን ኪታቡን ሲገላልጡ አንድ ቅጠል ላይ ደረሱ። ከጠራዡ በፊት አንድ አንባቢ፣ ለምልክት ይሁን በቸልታ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎት ኖሮ ቢላው አላገኘውም። ሲዘረጉት ከሌሎቹ ቅጠሎች በአንድ ጣት ስፋት ያህል ወጣ አለ። ሐሺያው ሙሉ ነው፤ ከሐሺያው ቀጥሎ ደግሞ ጠባብ ነጭ ወረቀት አለ፤ ኪታቡ ከካይሮ ሲወጣ የነበረው ስፋት ያ ነበር። ሸይኻችን ከዚያ ገጽ ሳይቆሙ አነበቡልን፤ ሲጨርሱም ቅጠሉን በነበረበት እጥፋት መልሰው አጠፉት።