ሐዲስ ዓለማየሁና የገባር ታሪክ

ልብ ወለድ ለታሪክ ተማሪ ምስክር ሊሆን ይችላልን? ይህን ጥያቄ ከክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወትና ሥራ ጋር አያይዘን እንመረምራለን።

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩ በኋላ፣ በአዲስ አበባ በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተምረዋል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው በ1929 ዓ.ም. ስለ ተማረኩ፣ 7 ዓመት ያህል በጣሊያን አገር በግዞት ኖሩ። ከዚያም በለንደን አምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገልግለው በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ፍቅር ይተርካል። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ባላገሮቹ ከልማዱ በላይ ስለ ተጠየቁ በጌታቸው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ይነሣሉ። እንግዲህ በሴቻ ተቀምጦ የሚያነብ የጋሞ ልጅ «ይህ የአያቶቼ ታሪክ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ሆኖም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በጎጃም ብዙው ገበሬ ባለ ርስት ነበረ፤ ጌታው የሚቀበለው የጉልቱን ግብር ነው። በጋሞ ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የምኒልክ ጦር ከገባ ወዲህ፣ ገበሬው ለሹማምንትና ለወታደሮች በገባርነት ተመደበ። የቀድሞውን የመሬት ሥሪት በሁለቱም አገር የሻረው የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው።

ስለዚህ ልብ ወለዱ የሚመሰክረው የጌትነትን ጠባይ ነው እንጂ የየአገሩን የመሬት ሥሪት አይደለም። ሥሪቱን ከመዛግብትና ከጋሞ ሽማግሎች ቃል መፈለግ የእኛ ፈንታ ነው፤ ሽማግሎቹም እያለፉ ስለ ሆነ ሥራው ቀጠሮ አይሰጥም።