መድኃኒትን ለሕመምተኛ የማስማማት ጥረት፦ የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሕክምና ታሪክ

ሲስቲክ ፋይብሮሲስን በሕክምና ትምህርት ቤት ሳለን የተማርነው ለፈተና ያህል ነበር። «የነጮች በሽታ» ተብሎ በአንድ ገጽ ይታለፋል። ሆኖም የመድኃኒቶቹ ታሪክ ለረዥም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው፤ ሕመምተኞቹን የጎዳው ሁልጊዜ በሽታው ብቻ አልነበረምና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑን በ1938 በዝርዝር የገለጹት በኒውዮርክ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ዶሮቲ አንደርሰን ናቸው። ቆሽት የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞችን ወደ አንጀት ማድረስ ስለሚሳነው ሕፃናቱ እየበሉ ይከሳሉ፤ ሳንባቸውም በወፍራም አክታ ይታፈናል። ከእንስሳት ቆሽት የተዘጋጀው የመጀመሪያው የኢንዛይም ዱቄት በጨጓራ አሲድ ስለሚበላሽ በብዛት መውሰድ ግድ ነበር፤ የሕፃናቱንም አፍ ያቆስል ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ አሲድ የማያሟሟው ሽፋን ያላቸው ጥቃቅን እንክብሎች ሲመጡ ለወላጆች ትልቅ እፎይታ ሆነ።

ቀጥሎ የታሰበው ኃይላቸውን መጨመር ነበር። ሕፃኑ በየማዕዱ የሚውጠው እንክብል ቁጥር ቢቀንስ ማን ይጠላል? ነገር ግን በ1994 መጀመሪያ ከእንግሊዝ ሊቨርፑል የወጣ ዘገባ ትልቁ አንጀታቸው በጠባሳ የጠበበ አምስት ሕፃናትን አስታወቀ። ሁሉም ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት ወደ ከፍተኛ ኃይል እንክብሎች የተዛወሩ ነበሩ። የአንጀት መዘጋት በዚህ በሽታ የተለመደ ስለሆነ፣ ዋናው ሕመም ያመጣው ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። በ1997 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ጉዳቱ ከመጠኑ ጋር አብሮ እንደሚጨምር አሳየ። የሊፔዝ መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ10,000 ዩኒት እንዳይበልጥ የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።

የፕሬድኒሶሎን ቤተሰብ የሆነው የፕሬድኒሶን ታሪክ ከዚህ ይበልጥ ያሳስባል፤ እኛም በየዕለቱ የምናዘው ነውና። በ1985 የታተመ ጥናት 45 ሕፃናትን ለአራት ዓመታት ተከታትሎ፣ በአንድ ቀን ልዩነት የተሰጠው ፕሬድኒሶን ሳንባቸውን እንደጠቀመና ይህ ነው የሚባል ጉዳት እንዳላደረሰ ገለጸ። ብዙዎች ተደሰቱ። ይሁንና 285 ሕፃናትን ያቀፈ፣ በብዙ ማዕከላት የተካሄደ ሰፊ ጥናት ሲከተል ውጤቱ ሌላ ሆነ። በኪሎ ግራም 2 ሚሊ ግራም በሚወስዱት ላይ የዓይን ሞራ፣ የእድገት መገታትና የደም ስኳር መዛባት ስለታየ የዚህ ቡድን ሕክምና ቀደም ብሎ ተቋረጠ። በ1 ሚሊ ግራምም ቢሆን ቁመት ወደ ኋላ መቅረቱ አልቀረም። በ2000 የወጣው ክትትል እንዳረጋገጠው፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ወንዶች ለአቅመ አዳም ከደረሱ በኋላም ካልወሰዱት አጥረው ቀርተዋል። ሳንባቸው ተጠቅሞ ነበር፤ ይህ አልተካደም። የመጀመሪያው ጥናት ግን አነስተኛ በመሆኑ ጉዳቱን ሊያሳይ አልቻለም።

የቶብራማይሲን ነገር ደስ የሚያሰኝ ነው። በደም ሥር ሲሰጥ ኩላሊትንና የመስማት ችሎታን ይጎዳል። ሐኪሞች ያንኑ የመርፌ መድኃኒት በትንፋሽ ለመስጠት ሲሞክሩ፣ እንዳይበላሽ የተጨመሩበት ኬሚካሎች የአየር ቧንቧን ያስቆጡ ጀመር። መፍትሔው ኬሚካሎቹን አውጥቶ ለትንፋሽ ብቻ የሚሆን ዝግጅት መሥራት ነበር። በ1997 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው 300 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ28 ቀናት ተወስዶ ለ28 ቀናት የሚቋረጥ ነው። ጆሮ ላይ መጮህና የድምፅ መለወጥ አልጠፉም፤ ነገር ግን ወደ ደም የሚገባው መጠን አነስተኛ ሆነ።

በ1989 የበሽታው ጂን ከተገኘ በኋላ ጉድለቱን ራሱን የሚያርሙ መድኃኒቶች እስኪመጡ 23 ዓመታት አለፉ። በ2012 አይቫካፍቶር ለጥቂት ሕመምተኞች ተፈቀደ። በ2015 ከሉማካፍቶር ጋር ተጣምሮ በዓለም ላይ እጅግ የተለመደውን የጂን ለውጥ ከሁለቱም ወላጆች ለወረሱ ሕመምተኞች ቀረበ። ብዙዎች ግን በጀመሩ በቀናት ውስጥ ደረታቸው እየጠበቀ ተቸገሩ፤ የደም ግፊታቸው የጨመረባቸውም ነበሩ። ሉማካፍቶር የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚያነቃቃ የወሊድ መከላከያ እንክብልን ሳይቀር ያዳክማል። በ2018 በቴዛካፍቶር ሲተካ የደረቱ ችግር በእጅጉ ቀነሰ፤ ሉማካፍቶርን አቋርጠው የነበሩ ሕመምተኞችም ሕክምናውን ሊቀጥሉ ቻሉ። በ2019 ኤሌክሳካፍቶር ሦስተኛ ሆኖ ታከለበት፤ ለውጡም አስደናቂ ሆነ።

ይህም ቢሆን ያለ ዋጋ አልመጣም። በሦስቱ ጥምር መድኃኒት ላይ ሽፍታ፣ የጉበት ምርመራ ውጤት መጨመር፣ አልፎ አልፎም ከባድ የጉበት ጉዳት ታይቷል። ድብርት፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት የገጠማቸውም አሉ፤ መንስኤው መድኃኒቱ መሆን አለመሆኑ አሁንም ያከራክራል። በ2024 መጨረሻ የተፈቀደው በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው ጥምር መድኃኒት አወሳሰዱ ቢቀልም፣ ስለ ጉበት የተሰጠውን ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ይዞ ነው የወጣው።

ወደ «የነጮች በሽታ» ልመለስ። 3120+1ጂ>ኤ የተባለው የጂን ለውጥ በአፍሪካውያንና የዘር ሐረጋቸው ከአፍሪካ በሚመዘዝ ሕመምተኞች ላይ ይታወቃል። ሥር በሰደደ ሳልና በክሳት ወደ ጤና ተቋም የሚመጣ ሕፃን ሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ ሊታከም ይችላል። ከዚህም በላይ ለውጡ ፕሮቲኑ በአግባቡ እንዳይመረት ስለሚያደርግ፣ አዲሶቹ መድኃኒቶች የሚያርሙት ነገር አያገኙም። ይህን ለውጥ ከሁለቱም ወላጆች ለወረሱ ሕፃናት ዛሬም ያለው ሕክምና የኢንዛይሙ እንክብል፣ በትንፋሽ የሚሰጠው ቶብራማይሲን፣ የጨው ውኃና ደረትን መታ መታ እያደረጉ አክታ ማስወጣት ነው።