ልጆች ድምፅ የሰጡበት ችሎት

በለንደኑ ስትራንድ ጎዳና ላይ የቆመው የንጉሣዊ ፍርድ ቤቶች ሕንፃ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ያስተናገደውን ዓይነት ስብሰባ ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳኞቹ ችሎቱን ለቀው ወጡ። አዳራሹን የያዙት ተማሪዎች ናቸው፤ ሰብሳቢያቸውም ከመካከላቸው ነበረች። አጀንዳው አንድ ነው፦ መንግሥት ያቀረበውን የስምምነት ሐሳብ እንቀበል ወይስ ክርክሩ ይቀጥል? ተጠያየቁ፣ ተከራከሩ፣ በመጨረሻም እጅ አወጡ። እንቀበል አሉ። የመዘጋት አደጋ አንዣቦበት የነበረው ሰመርሂል ትምህርት ቤት በዚያ ድምፅ ተረፈ።

ትምህርት ቤቱን የመሠረተው ስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ሰዘርላንድ ኒል በ1883 ተወለደ። አባቱ የገጠር መምህር ነበሩ። ኒል ማስተማርን የጀመረው በአባቱ ትምህርት ቤት በረዳትነት ነው፤ በዚያ ዘመን የስኮትላንድ መምህር ደግሞ ልጆች ከሚገርፍበት የቆዳ ጠፍር ውጭ ክፍል አይገባም ነበር። ኒል ያንን ጠፍር እየጠላው ሄደ። በ1921 ጀርመን ውስጥ፣ ድሬስደን አጠገብ በምትገኘው ሄለራው የራሱን ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ በኦስትሪያ በኩል አድርጎ እንግሊዝ ገባ። በ1927 ሰፎክ ውስጥ ሌይስተን በምትባል ከተማ ትምህርት ቤቱን ተከለ፤ ዛሬም ያለው እዚያው ነው።

ሰመርሂል የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። የትምህርት ሰዓት አለ፣ መምህር አለ፤ ክፍል መግባት ግን የልጁ ፈቃድ ነው። ይህን የሰማ ሰው ስድነት ነው ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ግቢው ግን ሕግ የሞላበት ነው፤ የመኝታ ሰዓቱ፣ የብስክሌቱ ነገር፣ ጩኸቱ ሁሉ ደንብ አለው። ደንቡን የሚያወጣው ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ በኒል ዘመን በጉባኤው የስድስት ዓመት ልጅም ኒልም እኩል አንድ አንድ ድምፅ ነበራቸው። ኒል ራሱ ሐሳብ አቅርቦ በልጆች ድምፅ የተረታበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አጥፊ ተከሶ ይቀርባል፣ እኩዮቹ ይፈርዱበታል፤ የኪስ ገንዘቡ ይቆረጣል፣ ወይም ከምሳ ሰልፍ መጨረሻ እንዲቆም ይደረጋል። ተበደልኩ ያለ ሕፃን አቤት የሚልበት ቦታ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጸሐፊዎች ስለ ነፃነቱ ብቻ ሲያወሩ ይህ ይረሳል።

ኒል ችግር ያለባቸውን ልጆች ለብቻ እየጠራ ያነጋግር ነበር። የሰረቀውን ልጅ በመቅጣት ፈንታ ገንዘብ የሰጠበት ጊዜም አለ። በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋለ፦ ሊያነጋግሩት ያልመጡትም ልጆች እንደመጡት ሁሉ ተስተካክለው ይወጣሉ። የሚፈውሰው የእኔ ምክር ሳይሆን ነፃነቱና አብሮ መኖሩ ነው ብሎ ደመደመ። ስለ ራሱ ሙያ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ መምህር ብዙ አይገኝም።

ኒል ስለ ሰመርሂል የጻፈውና በ1960 አሜሪካ ውስጥ የታተመው መጽሐፍ ተማሪዎቹ ተመናምነው የነበረውን ትምህርት ቤት እንደገና በልጆች ሞላው። ኒል በ1973 ሲሞት ባለቤቱ ኢና ተረከበች፤ በ1985 ደግሞ ልጃቸው ዞዊ ሬድሄድ።

ጠቡ የመጣው በዞዊ ዘመን ነው። በ1949 የመጡት የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የትንንሾቹን ትምህርት ቢተቹም በልጆቹ ጨዋነትና ግልጽነት ተደንቀው፣ እዚህ የሚካሄደው ሙከራ ዋጋ አለው ብለው ጽፈው ነበር። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ የኦፍስተድ (የመንግሥት የትምህርት ቤቶች ቁጥጥር መሥሪያ ቤት) ተቆጣጣሪዎች እዚያው ግቢ ገብተው ስንፍናን ነፃነት ብለው የሚጠሩ ልጆች አየን አሉ። የትምህርት ሚኒስትሩ የዴቪድ ብላንኬት መሥሪያ ቤት ትምህርት ቤቱን ሊያዘጋ የሚችል የቅሬታ ማስታወቂያ አወጣ። ለችሎት ከደረሱት ነጥቦች አንዱ የወንዶችና የሴቶች መጸዳጃ የጋራ መሆኑ ነበር፤ ዋናው ግን በፈቃድ ክፍል መግባት ነው። ይህን መተው ማለት ሰመርሂልን መዝጋት ማለት ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ታዋቂውን ጠበቃ ጄፍሪ ሮበርትሰንን ይዞ ተሟገተ።

ክርክሩ ሳይጠናቀቅ፣ በአራተኛው ቀን፣ ነገሩ በስምምነት አለቀ። ፍርድ ስላልተሰጠ ማን አሸነፈ የሚለው ዛሬም ያከራክራል፤ ስምምነት ነው እንጂ ሽንፈት አይደለም የሚሉ አሉ። ይሁንና የቅሬታ ማስታወቂያው ተሰርዟል። ትምህርት ቤቱ የራሱን ፍልስፍና የመከተል መብት እንዳለው፣ ወደፊት የሚመጣ ተቆጣጣሪም የተማሪዎቹን ድምፅ መስማት እንደሚገባው በጽሑፍ ሰፍሯል። ከሳሹ ይህን ሁሉ ፈርሞ ከሄደ በኋላ አቻ ወጡ ማለት ይከብዳል። በሁለቱ ሪፖርቶች መካከል የተለወጠውም የተቆጣጣሪዎቹ ሚዛን ይመስላል፤ የ1949ኞቹ ልጆቹን አነጋግረው ሰው ሆነው ሲያድጉ አዩ፣ የ1999ኞቹ ክፍል የገባና ያልገባ ቆጠሩ።

ከስምምነቱ በኋላ የመጡ ተቆጣጣሪዎች የልጆቹን ግላዊ ዕድገት አወድሰዋል። ታሪኩ በ2008 በቢቢሲ የልጆች ፕሮግራም ድራማ ሆኖ ታየ፤ የተቀረጸውም እዚያው ሌይስተን ግቢ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ በ2021 መቶኛ ዓመቱን ደፍኗል፤ አሁንም ክፍል መግባት በፈቃድ ነው፣ የግቢው ሕግም የሚወጣው በጉባኤው ድምፅ ነው።