የዢቨርኒ ገበሬዎች ጥያቄ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ ጎረቤቶቻቸው አብዛኛውን ጊዜ ለመሳቂያ ይቀርባሉ። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ በፈረንሳይ አገር፣ ዢቨርኒ በምትባል የገጠር መንደር፣ በጓሮው ያስቆፈረው ኩሬም እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። ስለ ሥዕሎቹ ብዙ ተብሏልና እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ኩሬው፣ ይልቁንም ኩሬውን ስለ ተቃወሙት ገበሬዎች ነው። በእኔ አስተያየት እነዚያ ሰዎች በመልሱ ቢሳሳቱም በጥያቄው አልተሳሳቱም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1883 ዢቨርኒ ገብቶ በኪራይ ሲኖር ቆይቶ በ1890 ቤቱን ገዛ። በ1893 ደግሞ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለውን ረግረግ መሬት ጨምሮ ገዛና ኩሬ ሊያስቆፍርበት አሰበ። በመሬቱ አጠገብ ከኤፕት ወንዝ የምትለይ ትንሽ ጅረት ታልፋለች። ውኃዋን ወደ ግቢው ለመጥለፍ የአውራጃው ገዥ ፈቃድ ያስፈልገው ስለ ነበር ማመልከቻ አስገባ። የመንደሩ ሰዎች ግን አንቀበልም አሉ። ልብሳቸውን የሚያጥቡት፣ ከብታቸውን የሚያጠጡት ከዚያችው ጅረት ነውና፣ ይህ ሰው ከባዕድ አገር የሚያስመጣው ተክል ውኃችንን ቢመርዝብንስ ብለው ሠጉ። ሞኔ እጅግ ተቆጣ። ለገዥው በጻፈው ማብራሪያ፣ የሚተክላቸው የውኃ ሊሊ፣ ሸምበቆና አይሪስ የመሳሰሉት መሆናቸውን፣ አብዛኞቹም በዚያው ወንዝ ዳር በተፈጥሮ የሚበቅሉ እንደ ሆኑ፣ ዓላማውም ለዐይን ደስታና ለሥዕል ብቻ እንደ ሆነ ገለጸ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ፈቃዱን አገኘ።

በኩሬው የተተከለው ግን የወንዙ ዳር ዕፅ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ቀደም የአውሮፓን ብርድ ችሎ ውጭ የሚከርመው የውኃ ሊሊ ነጩ ነበር። ላቱር ማርሊያክ የተባለ ፈረንሳዊ በ1875 የችግኝ ጣቢያ ከፍቶ፣ ብርድ የሚችሉትን ሊሊዎች ከአሜሪካ ከመጡ ዘመዶቻቸው ጋር እያዳቀለ ቢጫ፣ ሮዝና ቀይ አበቦችን አወጣ። በ1889 የአይፌል ማማ በተመረቀበት የፓሪስ ዐውደ ርእይ ላይም ለሕዝብ አሳያቸው። ሞኔ ከዚሁ ሰው ጣቢያ ተክል አስመጣ። እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 1926፣ እነዚያን አበቦች ሲሥል ኖረ፤ የውኃ ሊሊ ሥዕሎቹ ብቻ 250 ያህል ናቸው።

ታዲያ ገበሬዎቹ የፈሩት መርዝ የት አለ? የለም። ከብት አልሞተም፤ ጅረቷም አልተበከለችም። ስለዚህ ታሪኩን የሚተርክ ሁሉ በገበሬዎቹ ፈገግ ብሎ ያልፋል። እኔ ግን እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እወዳለሁ።

በጓሮ ኩሬ የሚበቅሉ ዕፀዋት በሦስት ይከፈላሉ ማለት ይቻላል። እንደ ደንገልና እንደ አይሪስ ያሉት በዳር ቆመው እግራቸውን ያረጥባሉ። እንደ ሊሊ ያሉት ሥራቸውን ከኩሬው ወለል ጭቃ ውስጥ ሰደው፣ ቅጠላቸውን በረጅም አንገት ወደ ላይ ልከው በውኃው ፊት ያስተኛሉ። ሦስተኛዎቹ ከምንም አይታሰሩም፤ ሥራቸው በውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ፣ ራሳቸው ተንሳፍፈው ይኖራሉ። የዢቨርኒን ገበሬዎች ያዳናቸው የሞኔ ማረጋገጫ ሳይሆን የሊሊው ጠባይ ነው። ሊሊ ጭቃ ይዞ ይቀመጣል፤ ፈሳሽም አይወድም። ሦስተኛው ዓይነት ግን ውኃው በሄደበት ይሄዳል።

በውኃ ዳር አትክልት መትከል የትናንት ጥበብ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1350 ገደማ በቴቤስ የተቀበረው ግብፃዊ ጸሓፊ፣ ኔባሙን፣ በመቃብሩ ግድግዳ ላይ የአትክልት ኩሬ ተሥሎለታል፤ ሥዕሉ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ባለ አራት ማዕዘን ኩሬ ነው። ውስጡ ዓሣ፣ ዳክዬና ሎተስ፣ ዳሩ ደንገል፣ ዙሪያው የሾላና የቴምር ዛፍ። ልብ በሉ፣ አንባብያን! በዚያ ኩሬ ውስጥ የነበረው ሎተስና ደንገል በዓባይ ዳርም የነበረ ነው። ኩሬው ቢሞላና ወደ ወንዙ ቢፈስስ ለወንዙ እንግዳ የሚሆን አበባ አልያዘም።

ይህ ሥርዓት የተናወጠው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። የእንፋሎት መርከብ፣ የዕፀዋት ነጋዴና ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ ሲገናኙ የአማዞን አበባ በሌላ ክፍለ ዓለም ባለ ጸጋ ግቢ ታየ። ከእነዚህ አበቦች አንዱ እኛ ዛሬ እምቦጭ የምንለው ነው። መልኩ ያማልላል። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ከላይኛው ቅጠሉ ላይ የጣዎስ ላባ ዐይን የመሰለ ቢጫ ነጥብ አለው። የቅጠሉ አንገት አየር ሞልቶት እንደ ፊኛ ስላበጠ ሳይሰጥም ይንሳፈፋል። ጎን ለጎን በሚያወጣው ቀጭን ግንድ ልጅ ይወልዳል፤ ልጁም ልጅ ይወልዳል። ሙቀትና ለም ውኃ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ ያደርጋል። ዘሩም በጭቃ ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይነሣል።

አሜሪካ መግባቱ በ1884 በኒው ኦርሊየንስ ከተከፈተው ዐውደ ርእይ ጋር ተያይዞ ይተረካል። በ1890ዎቹ በሉዊዚያናና በፍሎሪዳ ወንዞች የመርከብ መንገድ ዘጋ። በ1899 የአሜሪካ ምክር ቤት ለጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች እንዲያጸዱት ሥልጣን ሰጠ። በ1910 ደግሞ ሮበርት ብሩሳርድ የተባሉ የሉዊዚያና እንደራሴ፣ ከአፍሪካ ጉማሬ ይምጣና እምቦጩን ይብላልን፣ ሥጋውንም እንበላዋለን የሚል ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ አልጸደቀም።

አበባው ወደ እኛም ክፍለ ዓለም ተሻግሯል። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ በግብፅ፣ በ1950ዎቹ በሱዳን ነጭ ዓባይ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ በቪክቶሪያ ሐይቅ ታየ። በአገራችን በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ተመዘገበ። በ2011 በጣና ሐይቅ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ መግባቱ ተረጋገጠ። ጣና ጉማሬ አላጣም፤ እምቦጩ ግን ተስፋፋ። ምንጣፉ ብርሃንና አየር ከልክሎ ዓሣውን ያፍናል፤ የደንገል ታንኳ መንገድ ይዘጋል፤ የዳርቻውን ግጦሽ ይሸፍናል። የደምቢያና የፎገራ ገበሬ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ዓመታት አልፈዋል። በጥቅምት 2020 የአንድ ወር ሰፊ ዘመቻ ተካሂዶ ነበር፤ ዳሩ ግን የተነቀለው ቦታ ተመልሶ ይለመልማል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ከ1995 ጀምሮ የተለቀቀው፣ የእምቦጭን ቅጠልና አንገት የሚበላ ነቀዝ፣ ሌሎች ነገሮችም ታግዘውት ተክሉን በብዙ ቀንሶታል፤ ጨርሶ ግን አላጠፋውም። የአውሮፓ ኅብረትም በ2016 እምቦጭን ማሳደግና መሸጥ ከለከለ። ለጌጥ ከተወሰደ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ ማለት ነው።

አባቶች “ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል” ይላሉ። ይህ አበባም ያደረገው ይህንኑ ነው። ከአማዞን ያወጣው ክፋት አልነበረም፤ የውበት ፍቅር ነው። እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ጥፋቱን የጀመሩት እጆች ለዐይን ደስታ ብቻ የተዘረጉ ነበሩ፤ ሞኔም ለገዥው ያቀረበው ምክንያት ይኸው ደስታ ነበር። ሞኔ ዕድለኛ ነው፤ የወደደው አበባ ሥር ሰዶ የሚቀመጥ ሆነለት። ሌላውን ቢወድ ኖሮ በገበሬዎቹ የሚስቅ አይኖርም ነበር።

ስለዚህ የዢቨርኒን ገበሬዎች ከመሳቂያነት እናውጣቸው እላለሁ። እነርሱ የጠየቁት፣ በአንተ ግቢ የሚያልፈው ውኃ ወደ እኛ ሲደርስ ምን ይዞ ይመጣል የሚል ነበር። ዛሬ በጓሮው ኩሬ የሚቆፍር ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ቢጠይቅ መልካም ነው። በዳሩ ደንገል ይትከል፤ በወለሉ ሊሊ ያኑር። እንግዳ ተንሳፋፊ ግን አያስገባ፤ ከኩሬው የመነጠረውንም ወደ ጅረት አይጣል፤ ከውኃ አርቆ በደረቅ ምድር ያበስብሰው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። ኩሬ አጥር አለው፤ ውኃ ግን አጥር የለውም። የግቢያችንን ውበት የምንለካው ከአጥራችን በታች ባለው ጎረቤት ዐይን ጭምር ይሁን።

ቸር ያሰንብተን።