የሃያ ሺህ ዶላር ጨዋታ በአስር ሳንቲም

ቢል ፒትስ በ1960ዎቹ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ አንድ አመል ነበረበት፤ የተቆለፈ ሕንፃ ካየ ሌሊት ተሹለክልኮ ካልገባ እንቅልፍ አይወስደውም። ከግቢው ራቅ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ ያገኘውም በዚሁ አመሉ ነው። በሩ ግን አልተቆለፈም። ውስጥ ያሉት ሰዎች ሌሊቱን ኮምፒዩተር ላይ ተጥደው ያነጋሉ፤ ሥራ ጋብ ሲል ደግሞ በ1962 ኤምአይቲ ውስጥ የተሠራውን "ስፔስዋር" ይጫወታሉ። ሁለት መንኮራኩሮች፣ መካከል ላይ ካለችው ኮከብ ስበት እየሸሹ የሚተኳኮሱበት ጨዋታ ነው።

ፒትስ የሁለተኛ ደረጃ ጓደኛውን ሂዩ ታክን ወስዶ አሳየው። ታክም ይህ ነገር ሳንቲም እየበላ ቢያጫውት ሀብታም እንሆን ነበር አለ። የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ዋጋ ግን የሚቀመስ አልነበረም። ፒዲፒ-11 የተባለው አነስተኛ ኮምፒዩተር ሲመጣ ነገሩ የሚሞከር መሰላቸው፤ ስክሪኑንና ሳጥኑን ጨምሮ ወደ 20,000 ዶላር ፈጀባቸው።

በ1971 መጸው ማሽኑ ትሬሲደር በሚባለው የተማሪዎች መዝናኛ ሕንፃ ተተከለ። ግቢው የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ሲናጥ "ዋር" የሚል ስም ገበያ እንደማያመጣ ገብቷቸው "ጋላክሲ ጌም" አሉት። አንድ ጨዋታ 10 ሳንቲም፣ ሦስቱ 25። ተማሪው ወረፋ ይዞ ይቆማል፤ ተራ ያልደረሰው ከተጫዋቾቹ ጀርባ ተደራርቦ ያያል።

ሒሳቡ ግን ከመነሻውም አያዋጣም። የመጀመሪያውን ወጪ ብቻ ለመመለስ፣ ባለ 10 ሳንቲሙን ጨዋታ 200,000 ጊዜ መሸጥ ያስፈልጋል፤ መብራትና ጥገናው ሳይቆጠር። በዚያው ሰሞን እዚያው አካባቢ ያንኑ ጨዋታ የሳንቲም ማሽን ለማድረግ ይጥር የነበረው ኖላን ቡሽኔል መጥቶ አየ። እሱ ኮምፒዩተሩን ትቶ ለጨዋታው ብቻ የሚሆን ርካሽ ሰርኪዩት ሠርቶ ነበር። የሱ "ኮምፒዩተር ስፔስ" የስበቱን ኮከብ እንኳ አላካተተም፤ በኔ ግምት የስታንፎርዶቹ ጨዋታ በብዙ ይልቃል። ቢሆንም በ1972 ከቴድ ዳብኒ ጋር አታሪን መሥርቶ "ፖንግ"ን ለገበያ ያቀረበው እሱ ነው።

ፒትስና ታክ እጃቸውን አልሰጡም። በዚያው ዓመት አንድ ኮምፒዩተር ከአንድ በላይ ስክሪን የሚያንቀሳቅስበትን ሁለተኛ ማሽን ተከሉ፤ ጠቅላላ ወጪያቸውም ከ60,000 ዶላር አለፈ። እሱም ቢሆን አላተረፈም፤ ተማሪው ግን እስከ ግንቦት 1979 ድረስ፣ የስክሪኑ ክፍል መበላሸት አብዝቶ ማሽኑ እስኪነሳ፣ ሳንቲሙን መክተቱን አላቋረጠም።